የእልፍነሽ ኳስና የጋሽ ሀብቴ ቅቤ

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላሉ። የእኛ ሰፈር መስከረም ግን ጉዱን ሰምቶ ብቻ አልጠባም፤ አይቶት፣ ጮኾበት፣ ጭቃ ላይ ተንከባሎበት ነው የጠባው። እኔ ጥጋቡ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሶዶ መናኸሪያ ዝቅ ብሎ ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ያለኝ ሰው፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢነግራችሁ እንዳትሰሙት። በተለይ የተጋጣሚያችን የሻንቶ ሰው ከሆነ!

የማወራችሁ ስለ እልፍነሽ ነው። የእሷን ሱቅና የእኔን ፀጉር ቤት የሚለያቸው አንድ ኮምፔርሳቶ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። እኔ ከደንበኛ ጋር ስለ ኳስ ስከራከር ደግሞ እሷ ከወዲያ ሆና «ውሸት ነው!» ትላለች። የስፖርት ዕቃ ነው የምትሸጠው፤ ማሊያ፣ ታኬታ፣ ካልሲ፣ ፊሽካ፣ ከሁሉም በላይ ኳስ። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ረጅም ናት፤ ቀኝ ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያማታል፤ አንዱ እጇ የእኔን ሁለት እጅ ያክላል። ያ እጅ የበረኛ እጅ ነው። በወጣትነቷ የሴቶች ቡድን በረኛ ነበረች፤ ያኔ ያያት ሰው ሁሉ ዛሬም ፀጉሩን ሲቆረጥ ያነሳታል።

ኳሷን እንዴት እንደምታዘጋጅ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከመርካቶ ስም የሌለው ኳስ በማዳበሪያ ታስመጣለች። ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚመጣው። ትነፋውና ጓሮ ባለው ትልቅ ሳፋ ውስጥ ውሃ ላይ አድርጋ በጣቷ ታሽከረክረዋለች። ኳሱ ዞሮ ሲቆም ሁልጊዜ አንድ ጎኑ ብቻ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ጎን ከብዷል ማለት ነው፤ ሲለጋም አየር ላይ ይወላገዳል። እንዲህ ያለውን ወደ ጥግ ትወረውረዋለች፤ ምንም ሳትጽፍበት ለልጆች መጫወቻ ይሸጣል። ጎን የማይመርጠውን፣ የትም የሚቆመውን ግን በጨርቅ ታደርቀውና ከጎማ ባስቀረጸችው ማኅተም በሰማያዊ ቀለም «እልፍ» ብላ ትመታበታለች። ማኅተሙን ስትመታ ብታዩዋት፣ ልጇን ክርስትና የምታስነሳ ነው የምትመስለው።

ታዲያ ሰው አመሰገናት? ምን በወጣው! «ዱባ» ብለው ስም አወጡላት። «የእልፍነሽ ዱባ» ይሏታል ኳሷን። አንዱ ደግሞ፣ ፂሙን እየላጨሁት ነው፣ «ያቺ ጎረቤትህ ፎርጅድ ኳስ ትሸጣለች አሉ» አለኝ። ኮምፔርሳቶው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም!

«ፎርጅድ የሚባለው የሰው ስም የሰረቀ ነው!» አለች ከወዲያ። «እኔ የማንን ስም ሰረቅኩ? የለጠፍኩት የራሴን ስም ነው! እናቴ ያወጣችልኝን!»

ሰውየው አንድ ጎኑ ብቻ እንደተላጨ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። እውነቷን ነው፤ ምን ልበል።

ይህን ሁሉ ስድብ ትችለዋለች። የአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያንገበግባት፤ የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። ጋሽ ሀብቴ የሰፈራችን ቡድን አሠልጣኝ ናቸው፤ ስልሳውን ካለፉ ቆይተዋል። ከላይ ካፖርት፣ ከታች ቱታ ይለብሳሉ፤ ፊሽካ ከአንገታቸው አይጠፋም፤ ለቅሶ ቤትም ይዘውት ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። በዚህ ከተማ እግሩ ኳስ የነካ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። እልፍነሽንም በረኛ ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲያመሰግኑ «ሎኦ» ይላሉ፤ በወላይትኛ «ጥሩ» ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ቃል አያባክኑም። ያቺን አንዲት ቃል ለማግኘት ልጆች እስኪያነክሱ ይሮጣሉ። ለእልፍነሽ ብለዋት አያውቁም።

ምክንያቱ አረካ ከተማ ላይ የሆነው ነገር ነው። የዋንጫ ጨዋታ ነበር፤ እልፍነሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቀላል ኳስ መጣባት። ይዣታለሁ ስትል ኳሷ አየር ላይ ተወላገደችና በእጆቿ መሀል አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ለማዳን ስትዞር ጉልበቷ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ በረኛ ሆና አልቆመችም። እያነከሰች ሄዳ «ጋሼ፣ ኳሱ ነው፤ ኳሱ ክብ አይደለም» ብትላቸው፣ «ኳስ አፍ የለውም ብለሽ አትወንጅዪው!» ብለው በሰው ፊት አሳፈሯት። እሷ ግን ኳሱን ይዛ ሄዳ በርሜል ውሃ ላይ አሽከረከረችው። አንድ ጎኑ ብቻ ወደ ታች! ደጋግማ ብታሽከረክረው ያው ነው። ጋሽ ሀብቴን ጠራቻቸው፤ አልመጡም። ሱቁም፣ ሳፋውም፣ ማኅተሙም የመጣው ከዚያ በርሜል ነው። ይህን ያወቅኩት እሷው ነግራኝ ነው፣ አንድ ቀን ጉልበቷ አሟት ሥራ ፈትታ በተቀመጠችበት።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ጊፋታ እንምጣ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ወንዱ ለበሬ፣ ሴቷ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠራቅሙለት በዓል። በእኛ አገር ቅቤ እንዲሁ የሚበላ ብቻ አይደለም፤ የተከበረ ሰው አናት ላይ ይደረጋል። አራስ ትቀባለች፣ ሙሽራ ትቀባለች፣ ማዕረግ ያገኘ ሰው ይቀባል። በጊፋታ ሰሞን ደግሞ የእኛ ሰፈርና የሻንቶ ቡድን ለዋንጫ ይጫወታሉ። ዋንጫው ትንሽ ናት፤ ስኳር ብትሞሉባት ለአንድ ሳምንት ሻይ አትበቃም። ግን ስለ እሷ የሚኳረፍ ሰው ብዛት!

የበዓሉ ሳምንት ሰኞ፣ ጋሽ ሀብቴ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ገቡ። በብብታቸው አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ገለጡት። ኳስ! ኧረ ምን ኳስ ብቻ! ያ በቴሌቪዥን የምናየው፣ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ የዓለም ስም የተጻፈበት ኦርጅናል! ልጃቸው ከአዲስ አበባ አምጥታላቸው ነው። መቀሴን ጣልኩና ነካሁት፤ ጉንጭ ነው የሚመስለው።

«የዘንድሮ ጨዋታ በዚህ ነው» አሉ። «በዱባ መጫወት ቀረ።»

ከዚያ ወዲያ መቁረጤን ተውኩት፤ እልፍነሽ በራፌ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ እንደምን ዋሉ» አለች። ሰላምታዋ ሰላምታ ነው፤ ድምፅዋ ግን እሳት ነው። «ዱባ ያሉት ምኑን ነው?»

«ያንቺን ነዋ። ከእጅ አይሻል ዶማ። ርካሽ ኳስ ርካሽ ተጫዋች ያወጣል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።»

«አንድ ቀን ለግተዋት ያውቃሉ?»

«ዱባ አልለጋም፤ እበላለሁ እንጂ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃል። እሷ ግን አልሳቀችም። ሱቋ ገባችና ማኅተሟን ይዛ መጣች፤ ያቺን የጎማ ማኅተም። መስታወቴ ሥር አስቀመጠቻት።

«እንወራረድ፣ ጋሼ። ከዕረፍት በፊት በእርስዎ ኳስ፣ ከዕረፍት በኋላ በእኔ ኳስ ይጫወቱ። የእኔዋ ካነሰች ይህን ማኅተም በዚህ በጥጋቡ ምላጭ እቆራርጠዋለሁ። ሁለተኛ ስሜን ኳስ ላይ አልጽፍም። ካላነሰች ግን…» ማኅተሟን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። «ካላነሰች በሰው ፊት ‹ሎኦ› ይሉኛል።»

ጋሽ ሀብቴ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። ግማሽ ጭንቅላታቸው ተቆርጧል፣ ግማሹ አልተቆረጠም፤ እንዲያም ሆኖ ያስፈራሉ።

«እሺ» አሉ። «ቁረጥ፣ አንተ!» አሉኝ ቀጥለው።

ወሬው ከሰዓት በኋላ አረካ ደርሷል ቢሏችሁ እመኑ፤ ባጃጅ ነጂዎቻችንን አታውቋቸውም። በማግስቱ ጓሮዬ በሰው ሞላ፤ ሁሉም ሁለቱን ኳሶች መፈተን ይፈልጋል። ዳኛው መምህር ኢሳይያስ ሆነ፤ ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ የሚያጫውት፣ ረጋ ያለ ሰው። እኔን ደጋግሞ «አቶ ጥጋቡ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» ያለኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ከጎረቤት ፎቅ በረንዳ ላይ ጣልናቸው። ኦርጅናሉ በየተራው አንድ ቦታ ድረስ ይነጥራል፤ እንከን የለውም። የእልፍነሽም ነጠረች፤ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ግን ያው። ቀጥሎ ሳፋ ውስጥ ዘፍቀናቸው ሻይ ጠጥተን ተመለስን። በሥጋ ቤት ሚዛን ብናስቀምጣቸው ኦርጅናሉ ምንም አልጨመረም። የእሷዋ ውሃ ጠጥታለች! ብዙ አይደለም፣ ግን ሚዛኑ አልዋሸም። ጋሽ ሀብቴ ፊሽካቸውን ነፉ፤ በእኔ ጓሮ!

«ጠጥታለች» አለች እልፍነሽ ፈርጠም ብላ። «አልክድም። ከአንድ ክረምት በኋላም ቆዳዋ ይላጣል፤ ያንንም ለደንበኛ እነግራለሁ። ግን ክብ ናት፤ የሄደችበት ትሄዳለች። አሽከርክሩዋት!»

መምህር ኢሳይያስ ሁለቱንም ውሃ ላይ አሽከረከረ። ሁለቱም ጎን አልመረጡም። እጁን በሱሪው ጠረገና «በዚህ እኩል ናቸው» አለ። እኔ ጮኽኩ። «አቶ ጥጋቡ» አለኝ።

እልፍነሽ ግን ፊቷ ጠቁሯል። ሰው ሲበተን ኮምፔርሳቶውን አንኳኳሁ። «እልፌ፣ ምን ሆንሽ?»

«ዝናብ ከዘነበ ትከብዳለች፣ ጥጌ።»

«ጉልበትሽ ምን ይላል?»

«ያመኛል» አለች።

ዘነበ! ወይ ዝናብ! ቅዳሜ ከዳሞታ ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ወርዶ ሜዳችንን ቀይ ሊጥ አደረገው። ሰው ግን ማን ቀረ? ከሻንቶ በሚኒባስ ከነከበሯቸው መጡ። «ዮ ዮ ጊፋታ!» እየተባለ ይጨፈራል፣ ጃንጥላው እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ውሻው ሳይቀር ወጥቷል። ሜዳችን አንድ በኩሉ ቦረቦር ነው፤ ኳስ እዚያ ከገባ ተቀያሪዎቹ በቂጣቸው ተንሸራተው ነው የሚያወጡት። እልፍነሽ ኳሷን በፌስታል አቅፋ ከእኔ ጎን ቆመች። ፌስታሉን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። እኔም ጃንጥላዬን እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፤ እኔ ምኔ ተነክቶ እንደሆነ እንጃ!

ጨዋታው በኦርጅናሉ ተጀመረ። ገና ሳንሞቅ የሻንቶው ቦሼ፣ ያ ጠማማ እግር ያለው አጥቂያቸው፣ ከሩቅ ቀስ ብሎ ሞከረ። ኳስ አትበሉት፣ ሰላምታ በሉት! በረኛችን ጦና ሁለት እጁን ዘርግቶ ያዘው። ይዞታል፤ ሁላችንም አይተናል። ከእጁ ግን እንደ ዓሣ ሙልጭ ብሎ በእግሮቹ መሀል ገባ። አንድ ለባዶ!

«ኧረ አንተ ጦና! እጅህን ምን በላው?» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። እናቱ አጠገቤ መሆኗን አላየሁም።

ጦና ጓንቱን ያያል። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። እንደገና አስጠጋው። «ዳኛ!» አለ። «ቅቤ ነው!»

መምህር ኢሳይያስ ፊሽካ ነፍቶ ኳሱን አነሳና አሸተተው። «ቅቤ ነው» አለ፣ በዚያው በረጋ ድምፁ። ለካ ያ ውሻ ከመጀመሪያው ኳሱን ሲከተል የነበረው ወዶ አይደለም!

ጋሽ ሀብቴ ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ቆርቆሮ አወጡ። ምንም አላፈሩም። «እኔ ነኝ የቀባሁት» አሉ። «በእኛ ጊዜ ኳስ ቅቤ ካልጠጣ ውሃ ይጠጣል! ይህን የመሰለ ኳስ፣ ለጊፋታ፣ ደረቁን ሜዳ ላይ ልጣለው እንዴ? ለዕረፍትም ይዣለሁ!»

እውነታቸውን ነው፤ ድሮ የነበረው ኳስ ቆዳ ስለሆነ ቅቤውን ይጠጣው ነበር። የአሁኑ ግን እንደ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ያሙለጨልጫል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይህ ነው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የሻንቶ ሰዎች በሳቅ ከበሯቸውን ጣሉት። ግቡ ይሰረዝ ብንል «ቅቤው የራሳችሁ ነው!» አሉን፤ መምህር ኢሳይያስም አጸደቀው።

«በቃ፣ የእልፍነሽን አምጡ!» አለ ሰው። «ኦርጅናሉ ወደቀ! እልፍነሽ አሸነፈች!»

እኔ እጇን ይዤ ዘለልኩ። እሷ ግን እጇን ነጠቀችኝ። ፌስታሉን አስይዛኝ እያነከሰች ጭቃው ውስጥ ገባች። ኦርጅናሉን ከመምህር ኢሳይያስ እጅ ተቀበለች፣ ጠርዝ ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ሙቅ ውሃ፣ ከአንድ ሱቅ ኦሞ ጠየቀች፤ ተንበርክካ ያን ኳስ ማጠብ ጀመረች። በዚያ በተጎዳ ጉልበቷ! ጋሽ ሀብቴ በላይዋ ቆመው ያያሉ።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ?»

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ኳሱን እያሸች። «እኔ በቅቤ አላሸንፍም። ኳስ ከኳስ ይጋጠም።»

ጋሽ ሀብቴ ቆርቆሯቸውን ኪሳቸው ከተቱት።

ኦርጅናሉ ታጥቦ ተመለሰ፤ መናገር ካለብኝ ድንቅ ነበር። ያን ሁሉ ዝናብ ምንም ሳይመስለው ይበራል። ዕረፍት ሊሆን ሲል የእኛ ልጆች በጭንቅላት አስገቡበት፤ አንድ ለአንድ! ከዕረፍት በኋላ የእልፍነሽ ኳስ ገባች። እልፍነሽ ክንዴን ይዛ ትጨምቀኛለች። የመጀመሪያዋ ምት… ሄደች! ሁለተኛዋ… ቀጥ! «አልከበደችም፣ ጥጌ፣ አልከበደችም እኮ!» ትለኛለች፤ ክንዴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከዚያ ነው ነገሩ የተደበላለቀው። ኳሷ ቦረቦር ገባች። ተቀያሪዎቹ ወርደው እስኪያወጧት ሻንቶዎች «ሰዓት እየሄደ ነው!» ብለው ጮኹ፤ አንዱ ኦርጅናሉን ወረወረው፤ ጨዋታው ቀጠለ። እሱም ገደል ገባ፤ የእሷዋ ወጥታ ነበርና እሷ ተወረወረች። እንደገና ወጣች። እንደገና ገባ። በሦስተኛው ይሁን በአምስተኛው፣ ሁለቱም ከላይ እስከ ታች ቀይ ጭቃ ለብሰው፣ ስም የለ፣ ማኅተም የለ፣ ነጭ የለ! የትኛው የማን እንደሆነ አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው። መምህር ኢሳይያስን «የትኛው ነው?» ብንለው እጁን ዘረጋ። «ተጫወቱ!» አለ። እና ተጫወቱ! ሃያ ሁለት ሰው እየለጋ፣ አንድ እንኳ «ይህ ኳስ ተቀይሯል» ያለ የለም። እልፍነሽ ይህን ቀድማ ነው ያየችው። «ጥጌ፣ አላወቁም! ተጫዋቾቹ ራሳቸው አላወቁም!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ዝናቡ ነው እንባው ማን ይለየዋል።

ሊያልቅ ሲል ኳሱ ሜዳው መሀል ላይ ለቦሼ ደረሰው። ቀና ብሎ አየና ለጋ። እኔ ስንት ዓመት ኳስ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም! ወደ ውጭ ወጣ ብለን «ሄደ!» ስንል፣ አየር ላይ እንደ ማጭድ ታጠፈና ተመለሰ። ጦና ወረወረ ራሱን፤ ምስኪን፣ በሙሉ ቁመቱ ነው የተዘረጋው። ኳሱ በጣቶቹ ጫፍ አልፎ ማዕዘኑ ላይ መረቡን ቀደደው።

ሁለት ለአንድ። ተሸነፍን!

ሰፈራችን ሙሉ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እና በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ እልልታ! «እልልልል!» ዞር ብል እልፍነሽ ናት።

«አንቺ ሴት አብደሻል? እኛ ላይ እኮ ነው የገባው!»

«አላየህም እንዴ እንዴት እንደታጠፈ! አልተወላገደም፤ እንደተመታ ነው የሄደው! አላየህም!»

ሰው ግን ወደ ጦና ዞሯል። «አውጡት! ቅቤ በሌለበትም የማይይዝ በረኛ!» ልጁ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፍኗል። ያን ጊዜ ጋሽ ሀብቴ ሜዳ ውስጥ ገቡ፤ በጦናና በሰው መሀል ቆሙ፤ ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ዝም በሉ!» አሉ። «ልጁ ምን ያድርግ? እንዲህ የሚታጠፍ ማን ይይዛል? በረኛን አትውቀሱ! የኳሱ ነው! ይህ የእኔ ኦርጅናል ነው፤ በዚህ ዝናብ እንዲህ የሚበር ሌላ ኳስ የለም። ዱባ ቢሆን ኖሮ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር! የኳሱ ነው እንጂ የልጁ አይደለም!»

እልፍነሽ እልልታዋን አቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ሰውን በክንዷ እየገፋች አለፈች፣ እኔም ባዶ ፌስታሏን ይዤ ከኋላዋ። ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«የኳሱ ነው አልኩ!»

«በረኛዋ… በረኛው ጥፋት የለበትም?»

«የለበትም አልኩሽ እኮ!»

መምህር ኢሳይያስ ኳሱን ከመረቡ አውጥቶ መጣ። በሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፈሰሰበት። ጭቃው ተግፎ ወረደ፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ የተላጠ ጠርዝ፣ ከዚያ ሰማያዊ። እ። ል። ፍ። ሰማያዊው ትንሽ ፈዟል፣ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ከበሮ መቺው እንኳ ቆመ። ቦሼ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «ይህቺ ናት?» አለ። «እኔ ያኛው መስሎኝ ነው እንዲያ የመታኋት!»

ጋሽ ሀብቴ ኳሱን ተቀበሉ። አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው ማኅተሙን ፈተጉት፤ አልለቀቀም። እልፍነሽ ውርርዱን ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ማኅተሟን አላነሳችም፣ ዱባውንም አላነሳችም። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣

«ጋሼ» አለች፣ «አረካም እኮ የኳሱ ነበር።»

እኚያ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ፊሽካ ይዘው የሚገቡት፣ አንገታቸውን ደፉ። ጉልበቷን አዩት፤ ኦርጅናሉን ስታጥብ የለበሰው ጭቃ ገና አልደረቀም። ኳሱን ለእኔ ሰጡኝ። ኪሳቸው ገቡና ያቺን ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኗን ከፈቱ፣ በሁለት ጣታቸው ቅቤውን ዛቁ። እልፍነሽ ከእሳቸው ትረዝማለች፤ ጎንበስ አለችላቸው። አናቷ ላይ አደረጉላት፤ እንደ አራስ፣ እንደ ሙሽራ፣ ማዕረግ እንዳገኘ ሰው።

«የኳሱ ነበር» አሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን ሻንቶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሎኦ!» አሉ።

ሜዳው ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ! የተሸነፍነው እኛ፣ የጨፈርነው እኛ። ሻንቶዎች ዋንጫዋን ይዘው ግራ ገብቷቸው ሲያዩን ቆዩና እነሱም ገቡበት። መምህር ኢሳይያስ ሲዘል አይቼዋለሁ፤ ቢክድ እንዳታምኑት። ቦሼ ሚኒባስ ከመግባቱ በፊት ያቺን ኳስ ካልሸጥሽልኝ ብሎ ለመናት፤ እምቢ አለችው። ጦና ጓንቱን አውልቆ ተሸክሟት ሊዞር ነበር፤ ጉልበቴን ብላ አስቀረችው።

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዝናቡ ገና ይዘንባል፤ ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ፣ በጉንጯ ይወርዳል። መሐረቤን ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ኳሷን አደረቀችበት፤ ፊቷን አልጠረገችም።